ከመጥረቢያ ይልቅ ቢላዋ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ምድጃ

የመስቀል በዓል አልፎ የክረምቱ ደመና ሲገፈፍ፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች፣ በመተማና በቋራ፣ የሰሊጥ ማሳው ቀለሙን መለወጥ ይጀምራል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከግንዱ ታች ያለው ፍሬ ቀድሞ ይበስላል። በዚህ ወቅት የጉልበት ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ማሳው ዳር ዳስ ይጣላል፣ ሸራ ይወጠራል፤ አጨዳው እስኪያልቅ ድረስ ሜዳው ቤት ይሆናል።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ ራሱ ይከፈትና ዘሩን መሬት ላይ ያረግፋል። በመሆኑም አርሶ አደሩም ሆነ ባለሀብቱ በዚህ ወቅት የሚያስበው ስለ ሠራተኛ ቁጥር፣ ስለ ቀን ክፍያና ስለ ኩንታል ዋጋ ነው። ሠራተኛው ማታ በምን እሳት እንደሚያበስልና ማገዶውን በምን እንደሚቆርጥ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከአጨዳ በኋላ በማሳው ዙሪያ የሚቀረው ጉቶ የዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ውጤት ነው።

የሜዳው ማዕድ ቤት

በአጨዳ ሰፈር የተለመደው ምድጃ ሦስት ጉልቻ ነው። ሦስት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ድስቱ ከላይ ይጣዳል፤ እንጨቱ በሦስቱም አቅጣጫ ይማገዳል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የትም ቦታ ይሠራል፤ ለትልቅም ለትንሽም ድስት ይሆናል። እስከ ዛሬ የዘለቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚባክነው ሙቀት ላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ጉልበት ውስጥ ወደ ድስቱ የሚገባው በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። የቀረው በጎን ይወጣል፣ መሬቱን ያሞቃል፣ ሳይነድ በጭስ መልክ ይበናል። የሰሊጥ ማሳ ደግሞ ገላጣ ሜዳ ነው። ነፋስ ሲኖር ነበልባሉ ከድስቱ ሥር ወደ ጎን ስለሚገፋ ብክነቱ ይብሳል። አብሳዩ ይህን የሚያካክሰው እንጨት በመጨመር ነው።

ብዙ እንጨት ሲፈለግ መጥረቢያ ይነሳል። ሦስት ጉልቻ ወፍራም ጉማጅም ስለሚቀበል፣ ሠራተኛው ጭራሮ ከመልቀም ይልቅ በአቅራቢያው ያለ ዛፍ መጣል ይቀለዋል። በዚህ ቆላማ አካባቢ የሚገኙት ዛፎች ደግሞ አባሎ፣ ቅርቅራና የእጣን ዛፍን የመሳሰሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የእጣን ዛፍ በሚገኝባቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ወጣት ዛፍ እየተተካ አለመሆኑን፣ በዚህ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ለዚህ የተጠቀሱት ምክንያቶች ቃጠሎ፣ ልቅ ግጦሽና ያለ ዕረፍት ማድማት ናቸው። የአጨዳ ሰፈር ማገዶ የችግሩ ሁሉ ምንጭ ባይሆንም፣ በሰፈሩ ዙሪያ በሚቆረጠው ዛፍና ከሜዳ እሳት በሚነሳው ቃጠሎ ጫናውን ያከብደዋል።

ጭሱም የራሱ ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ሜዳ ላይ ጭሱ ቶሎ ይበተናል፤ ነገር ግን ለብዙ ሠራተኛ የምታበስለው ሴት ከንጋት እስከ ማታ እሳቱ ዳር ናት። ዳሱ ውስጥ ሲበሰል ደግሞ ከቤት ውስጥ ጭስ የሚለየው ነገር የለም።

ትንሽ አፍ ያለው ምድጃ

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይባላል። እውነት ነው፤ ወጡን አያጣፍጥም። ማገዶውን ግን ይቆጥባል።

ለሜዳ ከሚስማሙት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች አንዱ ሮኬት ምድጃ የሚባለው ነው። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ላሪ ዊኒያርስኪ ነው። በአገራችን ትክክል በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ምድጃም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ወጥ ለመሥራት፣ ውኃ ለማፍላትና ቡና ለማፍላት ይሆናል።

መርሁ ቀላል ነው። ምድጃው ከታች በጎን አንድ ትንሽ አፍ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር ጉሮሮ አለው። እንጨቱ በአፉ ይገባል፤ ነበልባሉ በጉሮሮው ወደ ላይ ይሳባል። ጉሮሮው በጣም ስለሚግል ጭሱ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ይቃጠላል። በሦስት ጉልቻ በጭስነት የሚባክነው በዚህ ምድጃ ሙቀት ይሆናል ማለት ነው።

ምድጃውን ገዝቶ ማምጣት ያልቻለ በ16 የሸክላ ጡቦች ያህል ሜዳው ላይ መሥራት ይችላል። በሚሠራበት ጊዜ አራት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የአፉና የጉሮሮው ስፋት እኩል ይሁን፤ ለመካከለኛ ድስት በእያንዳንዱ ጎን ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለተኛ፣ የጉሮሮው ቁመት ከስፋቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ እንጨቱ መሬት ላይ ሳይሆን አፉን ለሁለት በሚከፍል ቆርቆሮ ላይ ይረፍ፤ አየር ከሥሩ ካልገባ እሳቱ ይታፈናል። አራተኛ፣ ድስቱ የጉሮሮውን አፍ እንዳይደፍን ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች አድርጎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ያለው ደግሞ ከውስጡ ጠበብ ያለ የቆርቆሮ ጉሮሮ ገጥሞ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በአመድ ሊሞላው ይችላል። አመድ ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ ጉሮሮው እንደጋለ ይቆያል። ቀጭን ቆርቆሮ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላ ግን ውስጡን መቀየር እንደሚያስፈልግ መታወቅ አለበት።

ይህ ምድጃ ለእንጀራ አይሆንም። ምጣድ በሙሉ ስፋቱ እኩል ሙቀት ይፈልጋል። ለእንጀራ ምርጥ የተባለው፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከባድ ስለሆነ ግን በየማሳው ይዞ መዞር አይቻልም። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ሰፈር የሚያቋቁም ባለ እርሻ እዚያው ቢተክለው ለብዙ ዓመት ይጠቀምበታል።

ምድጃው የሚፈልገው ቢላዋ

ትንሽ አፍ ያለው ምድጃ ጉማጅ አይቀበልም። የሚፈልገው አውራ ጣት የሚያህል፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ነው። ብዙዎች ምድጃውን ሞክረው ወደ ሦስት ጉልቻ የሚመለሱትም እዚህ ላይ ነው፤ እንጨት መሰንጠቅ ይሰለቻቸዋል። ነገር ግን ይህ ድካም የሚመስለው ነገር ዛፉን የሚያድነው ነው። አውራ ጣት የሚያህል እንጨት ለማግኘት ዛፍ መጣል አያስፈልግም፤ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ለእሱ ደግሞ መጥረቢያ ሳይሆን አንድ ጠንካራ ቢላዋ በቂ ነው።

አሰነጣጠቁ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ ክንድ በሚያህል ቁመት ይቆረጥና ጠንካራ ነገር ላይ ይቆማል። የቢላዋው ስለት በአናቱ መሐል ያርፋል። ከዚያ የቢላዋው ጀርባ በሌላ እንጨት ይመታል። በድንጋይ ወይም በመዶሻ መምታት ቢላዋውን ይሰብራል። የስለቱ ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ የሚመታ ጫፍ አይተርፍም። እንጨቱን የያዘው እጅም ሆነ እግር ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁን።

ለዚህ ሥራ ሰንጢ አይሆንም። የሚታጠፍበት ቦታ ደካማ ስለሆነ ሲመታ ይለቃል፤ ጣትም ይቆርጣል። የሚያስፈልገው የማይታጠፍ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ፣ ጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቢላዋ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ ጥቂት ብቻ ገብቶ የቀረ እንደሆነ በጥቂት ቀናት ይላቀቃል።

እንዲህ ያለ ቢላዋ ከአገር ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች ይገኛል። ከተሽከርካሪ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ወይም ማጭድ ስለቱን ይይዛል፤ ምክንያቱም የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ከተራ ፌሮ የተሠራው ግን የቱንም ያህል ቢነከር ስለቱ ቶሎ ይደንዛል። ጎበዝ ቀጥቃጭ ብረቱን ነክሮ ብቻ አይተወውም። እንዲያ ያለው ብረት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ የተወለወለው ብረት ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም እስኪያሳይ ድረስ ቀስ ብሎ እንደገና ያሞቀዋል። ይህ ቀለም 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መድረሱን ያመለክታል።

ገዢው ጥራቱን በሞረድ ሊለየው ይችላል። ሞረዱ ስለቱን እንደ ሚስማር በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። ጭራሽ ሳይነካው ካንሸራተተ ለመሰበር የቀረበ ነው። በጥቂቱ ነከስ ካደረገው ደህና ነው።

ዝግጅቱ ከአጨዳ በፊት

ማጭዱም ያው ነው። የደነዘ ማጭድ የሰሊጡን አገዳ አይቆርጥም፤ ይጎትታል። አገዳው በተናወጠ ቁጥር የበሰለው ፍሬ ይረግፋል። ጠዋት ከሥራ በፊትና በቀን መሐል በመሳያ ድንጋይ ጥቂት ደቂቃ መሳል ምርትንም ጉልበትንም ያድናል። የደነዘ ስለት የበለጠ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሲያመልጥ የሚያቆስለውም እሱ ነው። ስለት ያቆሰለው ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ አለበት።

ቢላዋውና ማጭዱ ከሥራ በኋላ ተወልውለው ዘይት ቢቀቡ አይዝጉም። የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ እጀታቸው ወደ ተቀባዩ ይዙር።

የእሳቱን ቦታ መምረጥም የዝግጅቱ አካል ነው። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ፣ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆማል። ዘሩ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ አገዳውም ደረቅ ነው። ነፋስ ያነሳው አንድ ፍም የዓመቱን ልፋት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ምድጃው ነፋሱ ወደ ሂላው በማይነፍስበት በኩል ይሁን፤ ዙሪያው ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህል ከሣርና ከገለባ ይጽዳ፤ ውኃና አካፋ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ማታ ፍሙ በውኃ ይጥፋ። አፉ ትንሽ የሆነ ምድጃ እሳቱን ውስጡ ስለሚይዝ በዚህም ከሦስት ጉልቻ ይሻላል። ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው የሰሊጥ አገዳ ሜዳ ላይ ከሚቃጠል ይልቅ ለዚሁ ምድጃ ማገዶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለባለ እርሻው ትልቅ ወጪ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሰፈር በቀን አንድ ሸክም ማገዶ ቢቆጥብ፣ በ40 የአጨዳ ቀናት 40 ሸክም ይሆናል። ያንን ሸክም ለመልቀም የሚሄደው ሰው ማሳው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ጡቡን፣ ቆርቆሮውንና ሁለት ሦስት ጥሩ ቢላዋዎችን ማዘጋጀት ያለበት ግን ሠራተኛው ሳይሆን ሰፈሩን የሚያቋቁመው ነው። ለጥቂት ሳምንታት የመጣ ሠራተኛ ምድጃ ተሸክሞ አይመጣም፤ ያገኘውን ድንጋይ ጎልቶ፣ ያገኘውን ዛፍ ቆርጦ ያበስላል።

በመሆኑም በክረምቱ የአረም ወቅት ለአጨዳ ሸራና ከረጢት ሲታሰብ ምድጃውና ቢላዋውም አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ቀጥቃጩ ትዕዛዙን በነሐሴ ቢቀበል ለመስከረም ያደርሳል። ሰሊጡ በየዓመቱ ይዘራል፤ በማሳው ዳር የቆመው የእጣን ዛፍ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተተኪ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ይፈጃል።