ሃያ አራቱ ፍሬ የሚጨረስበት ምክንያት

ክረምቱ አልፎ ወባ ሲበረታ፣ በዳንግላና በእንጅባራ የመድኃኒት መስኮቶች ላይ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም የሚወስደው ሰው ብዙውን ጊዜ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ነው፤ ወደ ጃዊ፣ ወደ አየሁ፣ አንዳንዱም ወደ መተከል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ እንደ ልቧ አትራባባትም። እኛ ባለሙያዎች ለአዋቂው የምንለው የታወቀ ነው፦ አራት አራት ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ፤ ሳትጨርስ እንዳታቆም። ለምን ሲባል ደግሞ «እንዳይመለስብህ» ብለን እንዘጋዋለን። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ደካማ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው የተረፈውን ለከርሞ የሚያስቀምጠው ግድየለሽ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ዋናውን ምክንያት ስላልነገርነውም ነው። ምክንያቱ ያለው በወባ ተሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚፈርስበት መንገድ ላይ ነው።

የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላው ሄሞግሎቢንን ነው። በ48 ሰዓት ዑደቱ ከሄሞግሎቢኑ ከግማሽ በላዩን ያፈርሳል። ሲያፈርሰው ብረት ያዘለ ሂም የተባለ ቁራጭ ይለቀቃል፤ በኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሜተር የሚያነቃውም ይኸው ሂም ነው። ተሕዋሱ በራሱ ምግብ መድኃኒቱን ያስታጥቃል ማለት ይቻላል። የነቃው መድኃኒት በአጠገቡ ካገኘው ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የተበላሸ ፕሮቲን ሲከማች ዝም የሚል ሕዋስ ግን የለም። የእኛም ሆነ የተሕዋሱ ሕዋስ፣ መወገድ ያለበትን ፕሮቲን ዩቢኪቲን በሚባል ትንሽ ፕሮቲን ምልክት አድርጎ ወደ ፕሮቲአሶም ይልከዋል። ፕሮቲአሶም ምልክት ያለበትን እህል ብቻ እየለየ የሚፈጭ ወፍጮ ነው። የዚህን ምልክት ሥራ የደረሱበት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኧርዊን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። መልቲፕል ማየሎማ የተባለውን የደም ካንሰር የሚያክመው ቦርቴዞሚብ የሚሠራው ይህንኑ ወፍጮ በማቆም ነው። አርቴሜተርም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ በአንድ በኩል የተበላሸ ፕሮቲን ከአቅም በላይ ይከምራል፣ በሌላ በኩል ፕሮቲአሶሙን ራሱን ያዳክማል። ተሕዋሱ የሚሞተው ክምሩ ከማጽዳት አቅሙ ሲበልጥ ነው።

ችግሩ አርቴሜተር ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት መሆኑ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ጉዳቱን መቻል የቻለ ተሕዋስ ይተርፋል። ኬልች 13 በሚባለው ፕሮቲኑ ላይ ለውጥ ያለበት ተሕዋስ የሚያመልጠውም እንዲህ ነው፤ ገና ቀለበት በሚመስልበት ዕድሜው ሄሞግሎቢን ቀንሶ ይበላል፣ ሂሙ ያንሳል፣ መድኃኒቱ በሚገባ አይነቃም። ይህ የሩቅ ምሥራቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በኬልች 13 በ622ኛው ቦታ ላይ ያለው ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀደም ብሎ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናትም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከተመረመሩት ናሙናዎች በ8 በመቶው አግኝቶታል። ኤርትራ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ከ8.6 ወደ 21 በመቶ አድጓል።

እንግዲህ የተረፈውን የሚጠርገው በዚያው በኮአርተም ፍሬ ውስጥ ያለው ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሉሜፋንትሪን ነው። እሱ ለቀናት ይቆያል፤ ነገር ግን ያለ ስብ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ብዙ አይጠይቅም፤ በአኩሪ አተር ወተት በተደረገ ጥናት ከ2 ግራም ያነሰ ስብ መምጠጡን ወደ ከፍተኛው መጠን አቅርቦታል። በነቢያት ጾም ወተት የማይቀምስ ታማሚ የኑግ ዘይት ያለበት ሽሮ ቢበላ ይበቃዋል። በባዶ ሆድ ወይም በደረቅ ቆሎ የሚውጠው ሰው ግን 24ቱንም ፍሬ ጨርሶ እንኳ የሉሜፋንትሪኑን ድርሻ ሊያጣ ይችላል። መስኮቱ ላይ ስለ ቁጥሩ የምንጨነቀውን ያህል ስለ ምግቡ አንጠይቅም፤ ይህ አይገባኝም።

ለውጡ ቀድሞ ተሕዋሱ ውስጥ ካለ ታማሚው ጨረሰ አልጨረሰ ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። ለውጡን ታማሚው አልፈጠረውም፤ እውነት ነው። የተለወጠው ተሕዋስ ከመጀመሪያው ምት ስለሚያመልጥ ግን ቀሪው መጠን ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ሦስት ቀን የተባለውም ሁለት የተሕዋስ ዑደት እንዲነካ ታስቦ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጥፋቱን ሁሉ ለምን በታማሚው ላይ ትጭናላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። በግጭት መንገድ ሲዘጋና መድኃኒት ሲያልቅ በቆራጣ ስትሪፕ የሚሸጥ ይኖራል፤ የጎደለው ያኔ የታማሚው ዲሲፕሊን አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። መስኮቱ ላይ ያለን ሰዎች መንገድ አንከፍትም፤ ግማሽ መጠን አለመሸጥና ምክንያቱን መናገር ግን በእጃችን ነው። ለገበሬ ፕሮቲአሶም ምን ያደርግለታል ለሚል፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፦ «የመጀመሪያው መድኃኒት ተሕዋሱን ያቆስለዋል፤ የቆሰለውን የሚጨርሰው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ዘይት ያለበት ምግብ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ፍሬዎች አሁን ዋጥ፣ ቀጣዮቹን አራት ስምንት ሰዓት ቆይተህ፣ ከዚያ ጧትና ማታ። ምሳህ ምንድን ነው?»