የፍቅር ልብ ወለድ በመግቢያው ሲመዘን

በሪያድ ከተማ፣ በባጥሐ ገበያ ሲደክም ሰንብቶ ዓርብ ዕለት መጽሐፍ የሚገልጥ ስደተኛ ወገናችን፣ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ተፋቃሪዎቹን ካላገኘ ቢያጥፈው አይፈረድበትም፤ የዕረፍት ሰዓቱ አጭር ነውና። ነገር ግን በዚህ ሚዛን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ከደጃፉ በወደቀ ነበር፤ ደራሲው ተፈቃሪዋን ሰብለ ወንጌልን ከማሳየቱ አስቀድሞ አንባቢውን ወደ ጎጃም፣ ወደ ማንኩሳ ወስዶ፣ የአፍቃሪዋን የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለንና የውድነሽን ኑሮ በእርጋታ ይተርካልና። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»ም የሚከፈተው በጦርነትና በአባት ምርኮ ነው።

እንግዲያስ በመግቢያው ምን ይፈለግ? በእኔ ፍርድ፣ የሚሻለው ከንፈርና ዓይን የሚያወድሰውን ቃል ትቶ (እርሱማ በየመጽሐፉ ሞልቷል) ፍቅሩን ኋላ የሚፈትነው እንቅፋት ተዘርቶ እንደ ሆነ መመርመር ነው። ሕፃኑ በዛብህ በሕመም ሲሠቃይ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ ያ ብፅዓት፣ ልጁ ጎልምሶ በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት መምህር ሆኖ ልጃቸውን ሰብለን ሲያፈቅር፣ ከባላባቱ ኩራት ጋር አብሮ ይከስሰዋል። ትዕግሥት አጥቶ እነዚያን ገጾች የዘለለ አንባቢ የበዛብህን ፍርሃት ከዓይናፋርነት ይቆጥረዋል።