የጥቅል አፉ መለያው ነው

ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ቢጠፋበት ጠይቆ ይደርሳል፤ ጥቅል ዕቃ ግን ከላኪው እጅ ከተለየ በኋላ የሚናገርበት አፍ የለውምና፥ ከላዩ የተለጠፈው መለያ አፉም ምስክሩም ነው። መለያው የተሳሳተ እንደሆነ፥ እናት ደክማ ያዘጋጀችው ስንቅ ለልጇ ሳይደርስ በማያውቁት ሰዎች ደጅ ወድቆ ይቀራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፥ ጥቅል ዕቃ በየአገሩ እየተለየ በሚላክበት፥ በደብረ ብርሃን ባለ አንድ ክፍል ያየነውንና የሰማነውን ነው። ነገሩ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቢመስልም፥ ጥቅሙም ጉዳቱም የየቤተ ሰቡ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ከሩቅ ዕቃ መቀበል እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን ሲገዙ፥ ከታጁራ ወደብ የተነሣው የነጋዴ ዕቃ በረሃውን አቋርጦ ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ይገናኝ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሡ ገጸ በረከት ይዘው በመጡ ጊዜ፥ ግመል ዳገቱን ሊወጣ ስላልቻለ ሣጥኑ በሰው ትከሻ ወጣ። በዚያ ዘመን ዕቃው ከጠባቂው ዐይን አይርቅም ነበርና፥ መለያው ሰውየው ራሱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ ካቋቋሙ፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ ግን፥ ዕቃ ባለቤቱን በማያውቅ ሰው እጅ ይጓዝ ጀመር፤ በባለቤቱ ፈንታ የሚመሰክርለትም ጽሕፈቱ ሆነ።

በክፍሉ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ዕቃ በመለየት ብዙ ዘመን የቆዩ ናቸው። ጽሕፈቱ ደብዝዞ ቢገኝ እንኳ፥ ከላኪው የእጅ አጣጣልና ከጥቅሉ አስተሳሰር ተነሥተው የሚሄድበትን ያውቁት ነበር። አዲሱ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀታቸው ከንቱ የሆነ መሰላቸው። መሣሪያው መለያ ወረቀት የሚያትም አነስተኛ መኪናና፥ ባርኮድ የሚባሉትን ጥቋቁር መስመሮች በብርሃን የሚያነብ ስካነር ነው። እንድታስተምራቸው የታዘዘችው ወጣት የልጃቸው እኩያ ነበረች። «ልጄ፥ መኪናው የሚያነበውን እኔ ማንበብ ካልቻልሁ፥ ሠራተኛው እርሱ ነው ወይስ እኔ?» ብለው ጠየቋት። እርሷም፥ «ጋሼ፥ እኔም እርስዎ የሚያነቡትን ማንበብ አልችልም፤ እርስ በርሳችን እንማማር» አለቻቸው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቀላል አልነበረም። ወረቀቱ በአንድ ፊቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነገር ስለተቀባ፥ መኪናው ያለ ቀለም ያትማል፤ ጥቅልሉ ተገልብጦ ከገባ ግን ባዶ ወረቀት ይወጣል። ሽማግሌውም ባዶውን ወረቀት ባዩ ጊዜ መሣሪያውን ያበላሹ መስሏቸው ደነገጡ። ደግሞም መለያው በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ከተለጠፈ መስመሮቹ ስለሚሰበሩ ስካነሩ አያነበውም። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተማሩ፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ባርኮድን ያሰቡት ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ውድላንድ ከቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ ተነሥተው አሳቡን አገኙ፤ የፈጠራው መብት በ1945 ዓ.ም. ተሰጣቸው፤ በኦሃዮ አገር በአንድ መደብር የማስቲካ እሽግ በስካነር ተነቦ የተሸጠው በ1966 ዓ.ም. ነው። በውጭ አገር ፖስታ መለያ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል፥ ዘጠኝ አኃዝና የላኪውን አገር የሚያመለክት ሌላ ሁለት ፊደል አለ። ከዘጠኙ አኃዝ የመጨረሻው እንደ ብራና መጽሐፍ አራሚ የቀሩትን ይመረምራል። ለምሳሌ ስምንቱ 12345678 ቢሆኑ፥ በየተራቸው በ8፥ በ6፥ በ4፥ በ2፥ በ3፥ በ5፥ በ9ና በ7 ተባዝተው ሲደመሩ 204 ይሆናሉ፤ ይህም ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ 6 ከ11 ሲቀነስ 5 ይቀራል። እንግዲህ ዘጠነኛው 5 ካልሆነ በቁጥሩ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው።

ነገር ግን አራሚው አኃዝ የማያውቀው ነገር አለ። አንዲት የአንኮበር እናት፥ በባዕድ አገር ለመውለድ ለተቃረበች ልጃቸው የገንፎ ዱቄት ሊልኩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን መጡ። ዱቄቱን ያሸጉት ልጃቸው ቀድሞ ልብስ በላከችበት ካርቶን ነበር፤ የድሮው መለያም አልተነሣም። ስካነሩ የድሮውን ቁጥር ያለ እንከን አነበበ፤ ዕቃው አስቀድሞ ለባለቤቱ ተሰጥቷል ብሎም አስታወቀ። ወጣቷ ጥቅሉን ከተረከቡት ወገን ለይታ ስታኖር፥ ሽማግሌው በጎኑ ያለውን የእናቲቱን ጽሕፈት አዩ። «ልጄ፥ ቁጥሩ መጣ ይላል፥ ጽሕፈቱ ግን ልሂድ ይላል» አሏት። የድሮው ተላጦ ተጣለ፤ ጥቅሉም በአዲሱ ቁጥር መንገዱን ያዘ። ያች ዐይን ባትኖር፥ ዱቄቱ የአራስነቱ ወራት እስኪያልፍ ከመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ነበር።

ስለዚህ ዕቃ የሚልኩ ቤተ ሰቦች የሚከተለውን ልብ እንዲሉ እንመክራለን። ያገለገለ ካርቶን ሲገኝ የቀድሞው መለያ ፈጽሞ ይነሣ። አዲሱ መለያ ሰፊና ለስላሳ በሆነው ፊት ላይ ይለጠፍ እንጂ ጠርዝ ላይ አይታጠፍ። በሙቀት የታተመ ስለሆነ ከፀሐይና ከምጣድ አጠገብ ይራቅ፤ የሚያንጸባርቅ ፕላስተርም በመስመሮቹ ላይ አይለጠፍበት። ወደ ውጭ አገር ሲላክ የተቀባዩ ስም በፓስፖርቱ እንደተጻፈው በላቲን ፊደል ይጻፍ፤ አንዱን ስም ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፈዋልና። የተቀባዩ ስልክ ከአድራሻው አይቅር፤ የአድራሻው ግልባጭም በጥቅሉ ውስጥ ይግባ፥ የላዩ ቢላጥ የውስጡ ይመሰክራልና። ደረሰኙም ዕቃው እስኪደርስ ድረስ በደኅና ቦታ ይቀመጥ።

ሽማግሌው ዛሬ መኪናውን ከማንም ሳያንሱ ያሠሩታል። ወጣቷም ስካነሩ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ጥቅሉን አገላብጣ ሳታይ አታሳልፍም። መሣሪያው ፍጥነትን ሰጣቸው፤ ጥንቃቄን ግን የተቀባበሉት እርስ በርሳቸው ነው።