ዶርዜ የደበቀው የመኪና ጋዝ አርባ ምንጭ ላይ ያስከፍላል

ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መኪና አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ጉዞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። የቀርከሃ ጎጆዎቹን ያየ፣ ከሸማኔው ጋር በጋቢ ዋጋ የተከራከረ እንግዳ ከደጋው ሲነሳ መስኮት ዘግቶና ሹራብ ደርቦ ነው። የሶዶውን ዋና መንገድ ሲይዙ ሹራቡ ይወልቃል። 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አርባ ምንጭ ሲቃረቡ ደግሞ ሾፌሩ እጁን ወደ ኤሲው ቁልፍ ይሰዳል። ከዚያ የሚወጣው ነፋስ ለብ ያለ ከሆነ በቀን ሒሳብ የከፈለው ደንበኛ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ባለንብረቱም በሚቀጥለው ወር ያንን የኪራይ ሥራ ላያገኘው ይችላል።

በእንዲህ ያለው ሰዓት የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጋዝ ጨርሷል።» ጋዙ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። የመኪና ማቀዝቀዣ የታሸገ ዑደት ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ላይ ደግሞ እንደገና ተንኖ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ያው ጋዝ ለዓመታት ይዞራል። ከጎማ ቱቦዎቹ በጣም ጥቂቱ እየሾለከ ቢወጣም፣ ማቀዝቀዙን እስኪያቆም ድረስ የጎደለ ጋዝ ቀዳዳ አግኝቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ አዲስ ጋዝ መሙላት በተበሳ ጀሪካን ውኃ ከመቅዳት አይለይም።

የቤት መኪና በአብዛኛው ከ400 እስከ 900 ግራም ጋዝ ይይዛል። 600 ግራም የሚይዝ መኪና በስድስት ወር ግማሹን አጣ እንበል። በዓመት ሲሰላ 600 ግራም ያፈስሳል ማለት ነው። ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2791 በተሰኘው መመዘኛው፣ ኤሌክትሮኒክ መርማሪ መሣሪያ በዓመት 4 ግራም ብቻ የሚያወጣ ቀዳዳ እንዲያገኝ ይጠይቃል። በየስድስት ወሩ ጋዝ የሚያስሞላው የዚህ ባለመኪና ቀዳዳ እንግዲህ መሣሪያው ሊያገኘው ከሚገባው ትንሹ ቀዳዳ 150 እጥፍ ነው። «ቀዳዳው አልተገኘም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ስላልተፈለገ ነው።

ለምን አልተፈለገም ቢባል ነገሩ የገበያ ስሌት ነው። ጋዝ መሙላት አጭር ሥራ ነው፤ ደንበኛው ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነካው ደስ ብሎት ይከፍላል፣ ጋዙ ሲያልቅም ተመልሶ ይመጣል። ቀዳዳ ፍለጋ ግን ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ባለመኪናውም «ለማየት ብቻ» ተብሎ ገንዘብ መጠየቁን አይወድም። ጋዙ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ አሠራር ብዙም አይጎዳም ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጋዙም፣ ኮምፕሬሰሩም፣ ኦሪንጉም በዶላር የሚገዙ ናቸው። በዚያ ላይ የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ጋዝ ጎድሎት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ቅባት አጥቶ ግሪፕ ያደርጋል። የጥቂት ግራም ጉድለት የኮምፕሬሰር ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

መፈለጊያው ዘዴ ከጋዙ ጋር ተለዋውጧል። አር-12 የተባለው የድሮው ጋዝ በሚሠራበት ጊዜ ሜካኒኮች ጋዙን ሲያገኝ ነበልባሉ አረንጓዴ የሚሆን መብራት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው አር-134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ያ መብራት ምንም አይነግርም። የሳሙና አረፋ ትልቁን ቀዳዳ ያሳያል፣ ትንሹን ያልፈዋል። ዛሬ በእጅ የሚያዙት መርማሪዎች በጋለ ዳዮድ ወይም በኢንፍራሬድ ጨረር ጋዙን «ያሸታሉ»፤ ሲያገኙትም ይጮኻሉ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ አፍንጫቸው በቱቦው ሥር በኩል፣ በሴኮንድ ከጥቂት ሴንቲሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መሄድ አለበት። የቸኮለ ሠራተኛ እጅ የገባ ውድ መሣሪያ ምንም አያገኝም። በዝግታ ለሚያፈስ መኪና ከዘይቱ ጋር የሚዞር ቀለም ይጨመራል፤ ከቀናት ጉዞ በኋላ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲታይ የሾለከበት ቦታ ያበራል። ጋዙ ጨርሶ የወጣበት መኪና ደግሞ 95 በመቶ ናይትሮጅንና 5 በመቶ ሃይድሮጅን ተሞልቶ በሃይድሮጅን መርማሪ ይፈተሻል። ናይትሮጅን አጥቶ በኦክስጅን የሚሞክር ሰው ካለ ከአጠገቡ መራቅ ይበጃል፤ ኦክስጅንና ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ።

ዶርዜ ወደ ነገሩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በኤስ.ኤ.ኢ. የፍለጋ ሥርዓት መሠረት ሞተሩ ጠፍቶ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ግፊት ቢያንስ 50 ፒ.ኤስ.አይ. መሆን አለበት። የአየሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይህ ግፊት ላይገኝ ይችላል፤ የደጋ ማለዳ ደግሞ ከዚያ በታች መውረዱ ማንንም አያስገርምም። ያው መኪና 30 ዲግሪ በሆነ የአርባ ምንጭ ቀትር ላይ ሲቆም፣ በውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ፣ ግፊቱ ወደ 100 ፒ.ኤስ.አይ. ይጠጋል። ደጋ ላይ ዝም ያለው ቀዳዳ ቆላ ላይ ይናገራል። በዶርዜ ወይም በጨንቻ ብርድ፣ አለዚያም በአዲስ አበባ የክረምት ማለዳ «ተመርምሮ ደህና ነው» የተባለ መኪና እንግዲህ በትክክል ተመርምሯል ለማለት ያስቸግራል።

ከፍታው ሌላም ስህተት ያመጣል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ ይወጣል፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎችም ጌጁ 29 ኢንች ገደማ እስኪያሳይ ይጠበቅ ይላሉ። ያ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባም ሆነ ዶርዜ ላይ ከ22 ወይም 23 ኢንች በላይ አይገኝም፤ አርባ ምንጭ ላይ 25 ተኩል ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ደህናውን ፓምፕ ደካማ ነው ብሎ ይጥላል፤ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ያልተነካውን ቱቦ ፈትቶ እውነተኛ ቀዳዳ ይፈጥራል።

የመኪና ደላሎችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ለወራት ሳይነካ ይከርማል። የኮምፕሬሰሩን ዘንግ የያዘው ማሸጊያ ግን የሚለሰልሰው በሚዞረው ዘይት ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይደርቃል፣ ጋዙም በዚያ በኩል ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መኪና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለገዢ ሲታይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰጣል፤ ቅዝቃዜው ግን የኤሲው ሳይሆን የአየሩ ነው። ገዢው እውነቱን የሚያውቀው ውል ፈርሞ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ኤሲው በጌጅ ይታይልኝ ማለት መብቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ከምቾት አልፏል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው ጋዝ ነው። ጋዙ ሲጎድል መኪናው ባትሪውን ለመጠበቅ ኃይሉንና የፈጣን ቻርጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው። የቤንዚን መኪና ሲሞላ የዋለ ቱቦ ሳይጸዳ ቢገጠምበት የተረፈው ዘይት ብቻ ኮምፕሬሰሩን ለብልሽት ሊዳርገው ይችላል።

ጋዙን በገፍ አከማችቶ መሸጥ ለሚያስብ ነጋዴም ሕጉ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የሞንትሪያልን ስምምነት ተቀብላለች፤ በ2011 የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716ን አውጥታለች፤ በ2019 ደግሞ እንደ አር-134ኤ ያሉትን ጋዞች የሚመለከተውን የኪጋሊ ማሻሻያ አጽድቃለች። አንድ ኪሎ አር-134ኤ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ኢትዮጵያ ባለችበት ምድብ ፍጆታው ከ2024 ጀምሮ በተወሰነለት ጣሪያ ላይ እንዲቆም፣ በ2029 በ10 በመቶ፣ እስከ 2045 ደግሞ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ነው የተወሰነው። አቅርቦቱ የሚጠብ፣ ፈላጊው የሚበዛ ዕቃ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በአንጻሩ ጥሩ የሚባል ኤሌክትሮኒክ መርማሪ በውጭ ገበያ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። 300 ዶላር ቢሆንና ዶላሩ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ 30 ሺህ ብር ይሆናል፤ ቀረጥና ማጓጓዣው ሳይጨመር። ለሠፈር ጋራዥ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን የአስጎብኚ፣ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት መኪናዎች በሚመላለሱባት አርባ ምንጭ፣ ለምርመራው ለብቻው የሚያስከፍልና የተገኘውን ቀዳዳ ለደንበኛው በዓይኑ የሚያሳይ ሰው መሣሪያውን ሥራ አያስፈታውም። ከደጋው የሚወርዱት መኪናዎች ራሳቸው ሞቀው፣ ግፊታቸውን ይዘው ነው የሚደርሱለት።

እስከዚያው ኮፈን ከፍቶ ጋዝ የሚሞላባቸውን ሁለት አፎች ማየት ገንዘብ አያስወጣም። በላያቸው ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አቧራ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ዋናው ማሸጊያ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቫልቭ ብቻውን ጥቂት ጥቂት ያሾልካል። ባለፈው ጊዜ ጋዝ የሞላው ሰው ክዳኑን ሞተሩ ላይ አስቀምጦ ረስቶት ከሆነ፣ ጠፍቶ የቀረው ከዶርዜ ቁልቁለት በአንዱ ኮረኮንች ላይ ነው።