አርችባልድ ሲምፕሰንና የግራናይት ከተማው

ስለ ሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ዝና በተነሣ ቁጥር አሳባችን ወደ ታላላቅ መናገሻ ከተሞች ይሄዳል። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ሮማ ይታወሱናል። ሆኖም ከመናገሻ ከተማ ርቆ፣ በአንድ የአውራጃ ከተማ ተቀምጦ፣ የዕድሜውንም አብዛኛ ክፍል በአንድ ዓይነት ድንጋይ ሲሠራ ያሳለፈ ሰው ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል መመርመር ተገቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ምንባብ የስኮትላንዳዊውን የአርችባልድ ሲምፕሰንን ሕይወትና ሥራ እንመለከታለን። በምንባቡ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

አበርዲን በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዲ እና ዶን የሚባሉት ሁለት ወንዞች ወደ ሰሜን ባሕር በሚገቡባቸው ቦታዎች መካከል የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ከሲምፕሰን በፊት የወጣ አንድ ስመ ጥር አርክቴክት ነበር፤ እርሱም በ1682 የተወለደው ጄምስ ጊብስ ነው። ጊብስ በወጣትነቱ አገሩን ለቆ ወደ ሮማ ሄዶ ተማረ፤ ከዚያም ለንደን ገብቶ የቅዱስ ማርቲንን ቤተ ክርስቲያን የመሳሰሉ ዝነኛ ሕንጻዎችን ሠራ። ለትውልድ ከተማው ያበረከተው በስተርጅና ዘመኑ የላከላትን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ነው። ሲምፕሰንም ጊብስ በተማረበት ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ገብቷል፤ እርሱም ለንደንን አይቷል። የሁለቱ መንገድ የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲምፕሰን ተመልሶ መጣ።

አርችባልድ ሲምፕሰን በ1790 ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት፣ ለወላጆቹ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ማሪሻል ኮሌጅ ገባ። በዚያ ዘመን ልጆች በዚህ ዕድሜ ኮሌጅ መግባታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ዓመት ያህል እንደ ተማረ፣ በ1804 አባቱ ሞተ። ያን ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ የከተማው ሕንጻ ሠሪ ከሆነ ከአንድ ግንበኛ ዘንድ ሥራ ጀመረ። በእናንተ ዕድሜ የነበረ፣ እንዲያውም ከብዙዎቻችሁ የሚያንስ ልጅ፣ ከላቲንና ከግሪክ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ድንጋይና ወደ ኖራ ሲወርድ የተሰማውን ስሜት መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ከግንበኛው ዘንድ ያገኘውን ዕውቀት ከየትኛውም ኮሌጅ ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ድንጋይ እንዴት እንደሚፈለጥ፣ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ስንት እንደሚያስወጣም በዓይኑ አየ። በ1810 ወደ ለንደን ሄዶ ሮበርት ሉጋር በተባለ አርክቴክት ቢሮ ተቀጠረ። በ1813 ወደ አበርዲን ተመልሶ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር።

አሁን ስለ ድንጋዩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ድንጋዩን ያላወቀ ሰው የሲምፕሰንን ሥራ ሊረዳ አይችልምና። አበርዲን የተሠራችው በግራናይት ነው። ግራናይት ከምድር ጥልቅ ቦታ የቀለጠ ዐለት ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የሚፈጠር ድንጋይ ሲሆን፣ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ማይካ ከሚባሉ ማዕድናት የተያያዘ ነው። ማይካው ትናንሽ ብልጭልጭ ፍርፋሪ ስለሆነ፣ ዝናም ካባራ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳው ሁሉ ብር የተረጨበት ይመስላል። ኳርትዙ ግን ብርጭቆን የሚጭር ጠንካራ ነገር ነው። ሩቢስሎ የሚባለው የድንጋይ ካባ፣ የብዙዎቹ የአበርዲን ሕንጻዎች ድንጋይ የወጣበት ስፍራ፣ ከመቶ ሠላሳ ሜትር በላይ ጥልቀት እስኪኖረው ድረስ ተቈፍሯል።

በብዙ የስኮትላንድ ከተሞች፣ ለምሳሌ በኤዲንብራ፣ ቤት የሚሠራው በአሸዋማ ድንጋይ ነበር። አሸዋማ ድንጋይ ለጠራቢ ይታዘዛል። ቅጠል፣ አበባ፣ የአንበሳ ፊት፣ የመልአክ ክንፍ ቅረጽበት ቢሉት ይቀረጻል። ግራናይት ግን በዚያን ጊዜ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ጌጥ አይቀበልም ነበር፤ ቢቀበልም የአንዲት ቅጠል ዋጋ የአንድ መስኮት ዋጋ ያህል ይሆናል። ሠራተኛው በሾለ ብረት እየወቀረ ቍራጭ በቍራጭ ያነሣለታል እንጂ እንደ ለስላሳው ድንጋይ አይልጠውም። ስለዚህ አርክቴክቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ወይ ጌጡን ከሩቅ በሚመጣ ለስላሳ ድንጋይ ያሠራል፣ ወይም «ይህ የኔ ድንጋይ በምን በምን ጐበዝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ግራናይት የሚችለው ሰፊ ንጹሕ ግድግዳ፣ እንደ ምላጭ የሳለ ማዕዘን፣ ቀጥ ያለ መሥመር፣ ከባድ ዓምድ ነው። ጌጡን የሚያወጣለትም ጥላ ነው። አበርዲን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በጣም ርቃ ስለምትገኝ በክረምት ወራት ፀሐይ እምብዛም ሽቅብ አትወጣም፤ በአግድም የሚመጣው ብርሃን ጥልቅ የሆነውን መስኮትና ወጣ ያለውን የጣሪያ ጠርዝ አጥልቶ ያሳያል። ሲምፕሰን ከጊዜ ወደ ጊዜ የተማረው ይህንን ነበር። ወዲያው ግን አልተማረውም። በ1817 የተፈጸመው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የቅዱስ እንድርያስ ጸሎት ቤት ነው፤ የዚህ ቤት ግንባር፣ ጎቲክ በሚባለው የአሠራር ስልት ብዙ ቅርጽ ስላለው፣ የተሠራው በአሸዋማ ድንጋይ ነበር።

ከተማይቱም በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ነበረች። በ1800 በወጣ ሕግ መሠረት ዩኒየን ስትሪት የተባለ አዲስ ሰፊ አውራ ጎዳና ተቀየሰ። ጎዳናው ኮረብታ ቈርጦ፣ ሸለቆ ተሻግሮ የሚሄድ በመሆኑ ብዙ ቅስቶች ተሠሩለት፤ በ1805 የተፈጸመው የሸለቆው ድልድይም 40 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ ቅስት ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከከተማይቱ ዐቅም በላይ ስለነበር በ1817 ማዘጋጃ ቤቱ ከሰረ። ሲምፕሰን ሥራ የጀመረው እንግዲህ ጎዳናው ተከፍቶ፣ ግራና ቀኙ ገና ሳይያዝ፣ ባለ ዕዳው ከተማ ቤት ሠሪ ሲጠብቅ ነበር።

በዚህ ጎዳና ላይ ከ1820 እስከ 1822 የመኳንንቱን መሰብሰቢያ አዳራሽ ሠራ። አዳራሹ በፊቱ በስድስት ትላልቅ የግራናይት ዓምዶች የተሸከመ በረንዳ አለው። የዓምዶቹ ራስ አዮናዊ የሚባለው የጥንት ግሪኮች ስልት ሲሆን፣ በግራና በቀኝ እንደ ተጠቀለለ ብራና ሆኖ ይታያል። ከዚህ ከጥቅልሉ በስተቀር በሕንጻው ፊት ላይ ቅርጽ የሚባል ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ ልክና ምጣኔ ነው።

በ1823 ገደማ ደግሞ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር መሬቱን ወደ መኖሪያ ሰፈር ለመለወጥ ፈልጎ ሲምፕሰንን ጠራው። ቦን አኮርድ የተባለው አደባባይና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የቤቶች ረድፍ ከዚህ የተነሣ ተሠራ። ብዙ ጐብኚዎች ሳይመለከቷቸው ያልፋሉ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ግን ከሲምፕሰን ሥራዎች ሁሉ ለእነዚህ ያደላል። ቤቶቹ ዓምድ የላቸውም፣ ሐውልት የላቸውም። ረድፉ በሸለቆ አፋፍ ላይ እንደ ቀስት ታጥፎ ይሄዳል፤ መስኮቶቹ ከመስኮት፣ በሮቹ ከበር እኩል እየተራራቁ ይከተሉታል። አንዱን መስኮት አንድ ክንድ ወዲህ ወይም ወዲያ ብታዘዋውሩት ረድፉ በሙሉ ይበላሻል። ቀላል የሚመስል ነገር ለመሥራት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሚገባን እንዲህ ያለውን ስናይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው ከተማ ተፎካካሪ ነበረው። ጆን ስሚዝ በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ የሚመራ አርክቴክት ነበር። ሲምፕሰን የጀመረውን ካስል ፎርብስ የተባለ መኖሪያ የፈጸመው ስሚዝ ነው፤ ይህም ለወጣቱ የሚያስደስት ነገር እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ኪንግ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ የሁለቱ ሰዎች ሕንጻዎች በአንድ መሥመር ቆመዋል፤ አንዱ የሌላውን አይሸፍንም፣ አያሳንስምም።

በ1826 በቢሮው ላይ እሳት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ንድፎቹ ተቃጠሉ። ሥራው ግን አልቆመም። በዚሁ ወራት ከአበርዲን በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በኤልጊን ከተማ የቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ይገነባ ነበር፤ በ1828 ተፈጸመ። የኤልጊን ድንጋይ ለስላሳው አሸዋማ ድንጋይ ነው። እጁ በዚህ ድንጋይ ላይ ሲፈታ ምን እንደሚመስል ለማየት የቤተ ክርስቲያኑን ማማ መመልከት ይበቃል፤ በአቴና የሚገኘውን የሊሲክራተስን ሐውልት ተከትሎ የተሠራ ነውና። ሲምፕሰን ጌጥ መሥራት ስላቃተው አይደለም በአበርዲን ከጌጥ የተቈጠበው።

በ1830ዎቹ ደግሞ የግራናይት ሥራ ራሱ ተለወጠ። አሌክሳንደር ማክዶናልድ የተባለ የአበርዲን ሰው ግራናይትን በእንፋሎት ኀይል እየቈረጠ ማለስለስ ጀመረ። ቀደም ሲል በእጅ ወራት የሚፈጀው ሥራ እጅግ ቀለለ። ሲምፕሰንም ከ1839 እስከ 1842 ለሰሜን ስኮትላንድ ባንክ በሠራው ሕንጻ ላይ፣ በመንገዱ ማዕዘን ክብ ሆኖ የሚዞር፣ ቆሮንቶሳዊ የሚባሉ ዓምዶች ያሉት በረንዳ አቆመ። በበረንዳው አናት ላይ የተቀመጠው የእህል አምላክ የኬሬስ ምስል ግን የድንጋይ አይደለም፤ ከተቃጠለ ሸክላ የተሠራ ነው። የነደፈውም ወዳጁ ሠዓሊው ጄምስ ጃይልስ ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት አባቱ በሞተበት ዓመት የተለየው ማሪሻል ኮሌጅ እንደገና ሊሠራ ሆነና ሥራው ለእርሱ ተሰጠ። ከ1837 እስከ 1844 በሰፊ ግቢ ዙሪያ ያሉትን ክፍሎች ገነባ። ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ሌሎች የሚማሩበትን አዳራሽ ሠራ ማለት ነው። ዛሬ በጐብኚዎች ዘንድ የሚደነቀው በብዙ ሾጣጣ ጫፎች ያጌጠው የመንገድ ፊት ግን የእርሱ አይደለም፤ ማርሻል ማኬንዚ የተባለ ሌላ አርክቴክት በ1906 የፈጸመው ነው። ያን ሁሉ ጫፍ በግራናይት ለመጥረብ የተቻለው መሣሪያው ስለ ተሻሻለ ነበር።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው በችኰላና በድህነት የተሠራ ነው። በ1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። ለጉባኤ ካህን የሚመርጠው ባለ ርስቱ ነው ወይስ ምእመናኑ የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ፣ ብዙ ካህናት ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ትተው ወጡ። በአበርዲንም ሦስት ጉባኤዎች በአንድ ጊዜ መጸለያ አጡ። ሲምፕሰን ሦስቱንም ቤተ ክርስቲያኖች በአንድ ስፍራ አያይዞ ነደፈላቸው፤ ለሦስቱም የሚበቃ አንድ ማማ አቆመላቸው። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ድንጋዩ ያልተጠረበ ነው፤ የማማው ሾጣጣ ጫፍ ደግሞ በጡብ ተሠራ። ለማማው አብነት የሆነው በጀርመን አገር፣ በማርቡርግ የሚገኘው የቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ አልቆ ጉባኤዎቹ በ1844 ገቡበት።

ሲምፕሰን በ1847 በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ ሳለ በንዳድ ሕመም ሞተ፤ በአበርዲን በቅዱስ ኒኮላስ ቅጽር ተቀበረ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። ሚስት አላገባም፤ ከሥራው በኋላ ደስ የሚያሰኘው ቫዮሊን መጫወት ነበር።

ከሠራቸው ሕንጻዎች ሁሉም አልቆዩም። ኒው ማርኬት የተባለው ትልቁ የገበያ አዳራሹ በ1882 ተቃጥሎ እንደገና ከተሠራ በኋላ በ1971 ፈረሰ፤ የሩቢስሎ ካባም የተዘጋው በዚያው ዓመት ነው። የመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ በ1859 የሙዚቃ አዳራሽ ከተጨመረለት ወዲህ፣ የሕዝብ ሆኗል። ባንኩ ከጊዜ በኋላ መጠጥ ቤት ሲሆን የአርክቴክቱ ስም ተሰጠው። ሦስቱ ቤተ ክርስቲያኖች ከምእመናን ባዶ ሆነው ፈራርሰዋል። የግራናይቱ ጠቢብ በርካሽ ጡብ የሠራው ማማ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጭልፊቶችም ጎጆ ሠርተውበት ጫጩት ይፈለፍሉበታል።