ጦር ሲጣመር ምክር ቤቱ መቼ ይጠየቃል?

ማርች 1 ቀን 2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቱርክ ፓርላማ በዝግ ስብሰባ ድምፅ ሰጠ። ወደ 62 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች በቱርክ በኩል ወደ ሰሜን ኢራቅ ይግቡ አይግቡ ነበር ጉዳዩ። 264 አባላት ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ደጋፊዎቹ ቢበልጡም በስብሰባው ከተገኙት ከግማሽ በላይ ስላልነበሩ ጥያቄው ወደቀ። የአሜሪካ 4ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ታንክና ተሽከርካሪ የጫኑ መርከቦች ሜድትራንያን ላይ ቆመው ሲጠብቁ ከርመው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኩዌት ዞሩ።

የአንድ አገር ምክር ቤት የሌላውን አገር የጦርነት ዕቅድ እንዲህ መለወጥ ይችላል። ነገር ግን አቅሙ የሚለካው ሕጉ በሰጠው ሥልጣን ብቻ ሳይሆን ጥያቄው በሚቀርብለት ጊዜም ጭምር ነው።

ምክር ቤት በጦር ጉዳይ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስምምነት ማጽደቅ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅና የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። በኔቶ ደግሞ አዲስ አባል የሚገባው ነባሮቹ በሙሉ ሲያጸድቁ ነው። ፊንላንድና ስዊድን በሜይ 2022 አብረው ቢያመለክቱም ፊንላንድ በኤፕሪል 2023፣ ስዊድን በማርች 2024 ገቡ። ስዊድን እስከ መጨረሻው ስትጠብቅ የነበረው የአንካራንና የቡዳፔስትን፣ ማለትም የቱርክንና የሃንጋሪን ምክር ቤቶች ድምፅ ነው። ይሁንና በሁለቱም ከተሞች አብላጫው መቀመጫ የገዢዎቹ ወገን ስለነበር፣ መዘግየቱ የምክር ቤቶቹ ነጻነት ምልክት ነው ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው በር ጦር ማሰማራት ነው። እዚህ ላይ አገሮች በእጅጉ ይለያያሉ። በጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ወታደር በትጥቅ ለተልዕኮ ወደ ውጭ የሚሄደው የአገሪቱ ፓርላማ ቡንደስታግ ሲፈቅድ ነው። በኬንያም በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት ጦር ወደ ውጭ ለመላክ የፓርላማን ይሁንታ ይጠይቃል። የፈረንሳይ መንግሥት በበኩሉ ጦሩን አሰማርቶ በሦስት ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ የምክር ቤቱ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዘመቻው ከአራት ወር ሲያልፍ ነው። ብሪታንያ የምትመራው በልማድ ነው፤ በኦገስት 2013 የታችኛው ምክር ቤት ሶሪያን የመምታት ዕቅድን 285 ለ272 ጣለ፤ በ2018 ግን መንግሥት ድምፅ ሳያሰጥ መታ።

ጦሮች ሲቀላቀሉ ይህ ልዩነት ሥራ ላይ ይታያል። አዋክስ የሚባሉት የኔቶ የቅኝት አውሮፕላኖች የሚበሩት ከብዙ አገር በተውጣጡ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ሲሶ ያህሉ ጀርመናውያን ነበሩ። በ2003 በቱርክ ሰማይ ላይ ሲበሩ የጀርመን መንግሥት ቡንደስታግን አላስፈቀደም፤ ፍርድ ቤቱ በ2008 ማስፈቀድ ነበረበት ብሎ ወሰነ። በ2011 የሊቢያ ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ጀርመን በሜድትራንያን ከሚበሩት ላይ ሠራተኞቿን አወጣች። ከዚያ ወዲህ አጋሮቿ የሚያነሱት ጥያቄ ቀላል ነው፦ በችግር ቀን ወንበሩ ባዶ ከሆነ አብሮ መደራጀቱ ምን ይጠቅማል?

የኔዘርላንድስና የጀርመን ትስስር ከዚህም ይጠልቃል። ኔዘርላንድስ በ2011 ታንኮቿን ለማስወገድ ወስና፣ ኋላ ከጀርመን 18 ሊዮፓርድ ታንኮች ተከራየች፤ ወታደሮቿም በጀርመኑ 414ኛ የታንክ ሻለቃ ውስጥ ያገለግላሉ። ከ2023 ጀምሮ ሦስቱም የምድር ጦር ብርጌዶቿ በጀርመን ክፍለ ጦሮች ሥር ናቸው። እንዲህ ያለ ሻለቃ በሙሉ ኃይሉ እንዲዘምት በርሊንም ሄግም እሺ ማለት አለባቸው።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው፤ ጋዜጦች እምብዛም አይጽፉለትም እንጂ ብርቱው እሱ ነው። በጀርመን ከ25 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ የመከላከያ ግዢ ሁሉ በቡንደስታግ የበጀት ኮሚቴ ፊት ያልፋል። በዚህም ከፈረንሳይና ከስፔን ጋር የተጀመረው የተዋጊ አውሮፕላን ፕሮጀክት በኮሚቴው እጅ ይገባል፤ ፓሪስና ማድሪድም የበርሊንን ተወካዮች ይጠብቃሉ።

ከአገር በላይ ያሉት መድረኮች ግን አቅማቸው ውስን ነው። በ1955 የተመሠረተው የኔቶ ፓርላማዊ ጉባኤ ተወካዮችን ያገናኛል፣ ያወያያል፣ አያዝም። የምዕራብ አውሮፓ ኅብረት ጉባኤ በ2011 ተዘግቷል። የአውሮፓ ፓርላማ በመከላከያ ፈንድ በጀት ላይ ድምፅ ቢኖረውም ጦር በማሰማራት ላይ የለውም።

ስለዚህ ወታደሮቹ በአንድ ዕዝ ሥር ሲገቡ ተቆጣጣሪዎቻቸው በየአገራቸው ቀርተዋል። መፍትሔው አንዱን ምክር ቤት ለሌላው ማስገዛት አይደለም። የጋራ ጦር ሲዋቀርና የጋራ መሣሪያ ሲታዘዝ የሁለቱም አገር ኮሚቴዎች ከጅምሩ አብረው ቢመረምሩ፣ መቼና ለምን እንደሚፈቅዱ አጋሮቻቸው አስቀድመው ያውቃሉ። መርከቡ ባሕር ላይ ከቆመ በኋላ ለሚጠየቅ ምክር ቤት የሚቀሩት ምርጫዎች ማጽደቅ ወይም ማደናቀፍ ብቻ ናቸው።