ስፕሪንግ ቡት አሮጌውን የውቅር መዝገብ በአዲስ የተካው ለምንድን ነው?

ሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2014 ሥራ ሲጀምር የቀድሞው የዶሃ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያውኑ አልተዘጋም። ኳታር አየር መንገድ በረራዎቹን ወደ አዲሱ ማረፊያ ያዛወረው ሜይ 27 ሲሆን፣ እስከዚያው ለአራት ሳምንታት ያህል ሁለቱም መንገደኞችን አስተናግደዋል።

የጃቫ ቋንቋ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የስፕሪንግ ቡት ማዕቀፍ ውስጥም ተመሳሳይ ሽግግር ተካሂዷል። የማዕቀፉ የመጀመሪያ ዕትም የወጣውም በዚያው በኤፕሪል 2014 ነበር።

አንድ መተግበሪያ ሲነሳ ስፕሪንግ ቡት በውስጡ የተካተቱትን ጥቅሎች ይፈትሻል። ጥቅሎቹ የውቅሮቻቸውን ስም ዝርዝር በልዩ ፋይል ይዘው ይመጣሉ። ማዕቀፉ ዝርዝሩን አንብቦ የመረጃ ቋት ግንኙነትን፣ የደኅንነት ጥበቃንና የመሳሰሉትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ያዘጋጃል።

ለዓመታት ይህ ዝርዝር የሚሰፍረው “ስፕሪንግ ዶት ፋክቶሪስ” በተባለ ፋይል ነበር። ፋይሉ ግን የብዙ ጉዳዮች መዝገብ በመሆኑ፣ የውቅሮቹ ስም ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተቀላቅሎ በኮማ እየተለየ ይጻፍበት ነበር። በሜይ 2022 የወጣው ዕትም 2.7 ለዚሁ ተግባር ብቻ የሚያገለግል፣ ስሙ “ኢምፖርትስ” በሚል ቃል የሚያበቃ ፋይል አስተዋወቀ። በአዲሱ ፋይል በየመስመሩ አንድ ስም ብቻ ይሰፍራል።

ዕትም 2.7 ሁለቱንም ፋይሎች ያነብባል። በኖቬምበር 2022 የወጣው ዕትም 3.0 ግን በአሮጌው ፋይል የተመዘገቡትን እነዚህን ውቅሮች መቀበል አቁሟል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ “ዲ.ኦ.ኤች.” የተባለውን የዶሃ መለያ ኮድ ስለወረሰ፣ በትኬት ላይ የሚታየው ኮድ አልተለወጠም። በስፕሪንግ ቡት ግን የተለወጠው ራሱ የፋይሉ ስም ነው። አሮጌው ፋይል ለሌሎች ተግባራት ዛሬም ስለሚነበብ፣ ማዕቀፉ በውስጡ የቀሩትን ውቅሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋቸዋል። መተግበሪያው ያለ ችግር የተነሳ ቢመስልም፣ የጎደለው ውቅር በሥራ መሐል እስኪፈለግ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጡት ድርጅቶች ለራሳቸው ያዘጋጇቸውና ለረጅም ጊዜ ያልታደሱ ጥቅሎች ናቸው።

ስለዚህ ባለሙያዎች በቅድሚያ ወደ 2.7 ማደግ፣ ዝርዝሩን ወደ አዲሱ ፋይል ማዛወርና ከዚያ በኋላ ወደ 3.0 መሻገር ይኖርባቸዋል። ከሽግግሩ በፊትና በኋላ የትኞቹ ውቅሮች ሥራ ላይ እንደዋሉ የሚያሳየውን የማዕቀፉን ዘገባ ማነጻጸርም የጎደለውን ለመለየት ይረዳል።